በአንዲት ኦክስጅን

ብርዱ ስለገባ ዛሬ ትንሽ ኬሚስትሪ ላውራችሁ። አይዟችሁ፣ ፈተና የለውም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲባል ብዙ ሰው መርዝ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ግን ስሙ ያለ አግባብ ጠፍቷል ባይ ነኝ። ሊጥ ሲቦካ ተፈጥሮ ለእንጀራችን ዓይን የሚያወጣለት እሱ ነው። አምቦ ውሃን ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርገውም እሱ። ቅጠል ምግቡን የሚሠራው ከእሱ ነው። በእርግጥ ሲበዛ ያፍናል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ ድንገት የወጣው ይኸው ጋዝ ከ1,700 በላይ ሰው ገድሏል። ከአየር ስለሚከብድ ሸለቆውን ተከትሎ ወርዶ ነው የደረሰባቸው።

ቤታችን ገብቶ የሚገድለን ግን ወንድሙ ካርቦን ሞኖኦክሳይድ ነው። ልዩነታቸው አንዲት ኦክስጅን ናት። ካርቦን 12፣ ኦክስጅን 16። ካርቦን ሁለት ኦክስጅን ካገኘ 44፣ ዳይኦክሳይድ። አንድ ብቻ ካገኘ 28፣ ሞኖኦክሳይድ። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ክፍሉን በሙሉ ይሞላል፤ አልጋ ላይም ተኛችሁ መሬት፣ ያው ነው። ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ደግሞ ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል።

«ከሰሉ በደንብ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል። ስህተት ነው! ከታች የተፈጠረው ዳይኦክሳይድ በቀላው ፍም መሃል ሲያልፍ ሌላ ካርቦን ይጨምርና ሞኖኦክሳይድ ይሆናል። ፍሙ ላይ የምታዩዋት ሰማያዊ ነበልባል እሱ ሲቃጠል ነው። ሳይቃጠል የተረፈው ወደ ክፍሉ ይገባል። አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥም አያድንም፤ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም።

እንግዲህ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ቀመሩን አስተካክሎ «ሀ»ን የሚያከብብ ተማሪ አፍርተናል፤ ማታ ግን ያው ልጅ ማንደጃውን አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ታዲያ ምኑን ተማረው? በእኔ እምነት የኬሚስትሪ የመጀመሪያው ትምህርት ከማንደጃ መጀመር አለበት፣ ሠንጠረዡ ይደርሳል።

«መብራት በሚጠፋበት አገር ድሃው ምን ያድርግ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ከሰል አታንድዱ አላልኩም። ውጭ አንድዱት። ቡናው ቤት ውስጥ ከሆነ በርና መስኮት ወለል አድርጉ። ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን አውጡት፣ ቀይ ቢሆንም አመድ ቢለብስም። ይህ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

ቤት ውስጥ ከሰል እያለ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ በተለይ ሁለት ሦስት ሰው አንዴ ከያዘ፣ «ምች ነው» ብላችሁ አትተኙ። ሁላችሁም ውጡ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና።

ይህን ፌስቡክ የማያዩ እናቶችና ዘበኞች አሉ። እነሱ ዘንድ ሼር አይደርስም፤ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው።