ከፎቶው ዳር ያለችው እጅ

ዛሬ ስለ ፎቶ እናውጋ። እስቲ ስልካችሁን አውጡና የልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን ፎቶዎች ቁጠሩ። የእኔ ልጅ ገና ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነው፤ ስልኬ ውስጥ ያሉት የእሱ ፎቶዎች ግን ከ2,000 ይበልጣሉ። የእኔ የልጅነት ፎቶዎች ስንት እንደሆኑ ታውቃላችሁ? ሰባት። ከእነሱም አንዱ ላይ እያለቀስኩ ስለሆነ ፊቴ አይታይም።

በእርግጥ የልጄም ፎቶ የጀመረው በክልከላ ነው። እናቴ ልታርሰኝ መጥታ ገና ከደጅ ሳትገባ፣ «ክርስትና ሳይነሳ ፎቶ የሚባል ነገር እንዳትሞክሪ!» ብላ አስጠነቀቀች። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሳው በ40 ቀኑ ነውና 40 ቀን ሙሉ ስልኬ ሥራ ፈታ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ በየቀኑ እየደወለች «በእናትሽ አንድ ብቻ!» ስትለኝ፣ እናቴ ሻወር ቤት የገባች ጊዜ የእግሩን መዳፍ አንስቼ ላክሁላት። እግርን ደግሞ ማን ቡዳ ይበላዋል ብዬ ነው።

ከዚያ ወደ ሥራ መመለሻዬ ደረሰ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ ለሚያጠባ ልጅ ምን አላት? ሰው መፈለግ ግድ ሆነና አንዲት የ20 ዓመት ልጅ በሰው በሰው መጣችልን። ስሟን እዚህ እንዳልጽፈው እሷው ስለለመነችኝ ልጄ በሚጠራት ስም «ታታ» ልበላት። በነገራችን ላይ ለእኔ 90 ቀን የሰጠው አዋጅ እሷን አያካትታትም። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሰዎችን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ ነው ያለፋቸው። ይህንንም ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሳምንት አንድ ቴክኖ ስልክ ገዛሁላትና ቴሌግራም ጫንኩበት። ውላችን ቀላል ነበር፤ በየቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልጁ ምሳውን እንደጨረሰ፣ አንድ ፎቶ። እኔም ቢሮ ሆኜ ከምሳዬ ቀድሜ የምከፍተው ያንን ነው። ገንፎ አገጩ ላይ፣ ምስር ግንባሩ ላይ፣ አንዳንዴም ድንች ጆሮው ውስጥ። ሁልጊዜ የምጽፍላት መልስ አንድ ነው፦ «ሳህኑን አሳዪኝ።» ባዶ ሳህን ካላየሁ በልቷል ብዬ አላምንማ! እሷም ሳትሰለች ሳህኑን አዘንብላ ሁለተኛ ፎቶ ትልክልኛለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሆነ። የመጀመሪያ ጥርሱ፣ ከሶፋ ወድቆ ያበጠ ግንባሩ፣ በሐምሌ ዝናብ የአባቱን ቦቲ ጫማ አድርጎ ግቢው ውስጥ ውኃ ሲንቦጫረቅ፣ ሁሉም በታታ እጅ የተነሱ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ያነሳናቸው የልደትና የበዓል ናቸው። ልጁ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ «ሳቅ በል» ተብሎ፣ አኩርፎ። የዕለት ተዕለት ሕይወቱን ያነሳችው እሷ ናት።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። መጀመሪያ አካባቢ ከምትልካቸው ፎቶዎች ዳር ላይ እጇ ይገባ ነበር። ማንኪያ የያዘ እጅ፣ ልጁን ከጀርባው የደገፈ እጅ። እኔም እቆርጠውና ነው ለቤተሰብ የምልከው። አንድ ቀን ታዲያ፣ «እጅሽ አይግባ፤ እሱን ብቻ አንሺው» አልኳት። በክፋት አልነበረም፤ ፎቶው እንዲያምር ብዬ ነው። «እሺ እትዬ» አለች። ከዚያ በኋላ እጇ ጠፋ። ጎበዝ ፎቶ አንሺ ሆነች።

ባለፈው ሚያዝያ ታታ ወደ ሳዑዲ ሄደች። ስልጠናዋን ጨርሳ፣ ፓስፖርቷ ወጥቶ፣ ለሁለት ዓመት ኮንትራት። ታናናሾቿን ማስተማር አለባት፤ እኛ የምንከፍላት እንደማይበቃት ሁላችንም እናውቃለን። በሄደችበት ቀን ስልኩን ከነቻርጀሩ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው አገኘሁ። «ያንቺ እኮ ነው» ስላት፣ «አይ እትዬ፣ የቤቱ ነው» አለችኝ። ልጁን ተኝቶ ሳመችውና ወጣች። እንዳያለቅስ ብለን ነበር ሲተኛ እንድትሄድ ያደረግነው። ጥሩ አላደረግንም። ልጅ ተሰናብቶ ቢያለቅስ ይሻለዋል፤ የእኔ ልጅ ሁለት ቀን ሙሉ በየበሩ ኋላ ሲፈልጋት ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ስልኬን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠና፣ «ታታን አሳዪኝ» አለ።

ይኸው እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ምሽት ቁጭ ብለን ከ2,000 በላይ ፎቶ አንድ በአንድ አየን። ያገኘነውን ልንገራችሁ፦ አውራ ጣቱ ላይ የሽንኩርት ቢላ ጠባሳ ያለው አንድ ግራ እጅ፣ የቀሚስ ጫፍ፣ ከልጁ ጀርባ በር ላይ የተሰቀለ ነጠላዋ። አንዱ ፎቶ ላይ ደግሞ ጠዋት ግቢው ውስጥ፣ ልጁ ኳስ ይዞ ቆሞ፣ ከፊቱ መሬቱ ላይ ረዥም ጥላ ተኝቷል። ሁለት እጆቹን አንስቶ ስልክ የያዘ ሰው ጥላ። ፊቷ ያለበት ግን አንድም የለም። የልደቱ ቀን እንኳ ኬኩን ይዛ የገባችው እሷ ነበረች፤ ፎቶው የተነሳው ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ባለቤቴ ድንገት አስታውሶ መሳቢያውን ከፈተና የመታወቂያዋን ፎቶ ኮፒ አወጣ። ታውቁታላችሁ፣ ሁላችንም ሠራተኛ ስንቀጥር ከዋሱ ወረቀት ጋር የምንይዘውን። በቤታችን የነበረው የእሷ ብቸኛ ምስል ምናልባት ሰርቃን ብትጠፋ ብለን ያስቀመጥነው ነበር። ኮፒው ጠቁሮ፣ ጉርድ ፎቶው ላይ ፊቷ ኮስተር ብሎ ይታያል። ለልጁ አሳየነው። ቀረብ አድርጎ አየውና መለሰልን።

«ይቺ ታታ አይደለችም።»

እሁድ እናቴ ዘንድ ሄደን ይህንኑ አወራኋት። እናቴ ቡና እየቆላች ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አልበሙን አምጪው» አለች። ወላጆች የሆናችሁ ሁሉ ይህን ትዝታ የምትጋሩኝ ይመስለኛል። ድሮ ሰው ቤት እንግድነት ስንሄድ ቡናው እስኪፈላ አልበም ይሰጠን አልነበር? የማናውቀውን ሰው ሠርግና ልደት እያገላበጥን እንቀመጣለን። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ የዋይፋይ ቁጥር ነው የሚሰጠው።

አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ በነበሩበት ዘመን ፎቶ መነሳት የትልልቅ ሰዎች ነገር ነበር። በእናቴ ልጅነት ግን የእኛን የመሰለ ቤተሰብም በዓመት አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜ ለእንቁጣጣሽ፣ አዲስ ልብሱን ለብሶ ፒያሳ ፎቶ ቤት ይሄድ ነበር። ከኋላ በቀለም የተሳለ መጋረጃ፣ ከፊት የፕላስቲክ አበባ። ኋላ በእኛ ልጅነት ካሜራ ያለው ዘመድ ተገኝቶ እንኳ አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ስለሚያነሳ፣ ከገና እስከ ፋሲካ በቁጠባ ይቆይና ነው የሚታጠበው።

እናቴ ከአልበሙ ያወጣችው በ1964 ዓ.ም. የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ነው። አያቴ በወንበር፣ ሴት አያቴ ከጎናቸው፣ ስድስቱ ልጆች በቁመታቸው ተደርድረው፣ በስተ ዳር ደግሞ ሻሽ ያሰረች አንዲት ወጣት የመጨረሻውን ሕፃን አቅፋ። «እሷን አየሻት? እኛን ያሳደገችን ናት። ፎቶ ቤት ሲኬድ ሁሉም ነበር የሚሄደው» አለችኝ።

ድሮ ጥሩ ነበር ልል አፌን ስከፍት ፎቶውን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በአያቴ የብዕር ጽሑፍ የሁሉም ስም በተርታ ተጽፏል፤ ከእነ ሕፃኑ። መጨረሻ ላይ ምን ይላል መሰላችሁ? «እና ልጅቷ»።

እኛ ፊቷን አስቀረን፤ እነሱ ስሟን አስቀሩ። ስሟን አሁን የሚያስታውሱት እናቴና አንድ ወንድሟ ብቻ ናቸው። ነገረችኝና «እና ልጅቷ» ከሚለው አጠገብ በእርሳስ ጻፍኩት።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ በበቃኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ያንን ቴክኖ ስልክ ለአዲሷ ሞግዚት ለመስጠት የውስጡን ላጠፋ ከፈትኩት። ለእኔ ያልተላከ አንድ ቪዲዮ አገኘሁ። 40 ሰከንድ ያህል ነው። ልጄ የሶፋውን ጠርዝ ለቆ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እርምጃ ይሄድና ዘጭ ይላል። ታታ አትታይም፤ ድምፅዋ ግን አለ። «ና! ና የኔ አንበሳ! … ጎበዝ! … ለእማዬም ታሳያታለህ፣ እሺ?»

ቀኑን አየሁት። ማክሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት ከሩብ ነው። ልጄ የመጀመሪያ እርምጃውን የተራመደው በማግሥቱ ቅዳሜ… አይ፣ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እንደሆነ ነበር እኔ የማውቀው። እልል ብዬ፣ ለእህቴ ደውዬ፣ ለእናቴ አልቅሼ። አስታውሳለሁ፣ ያን ቀን ጠዋት ገበያ ልወጣ ስል ታታ በር ላይ ይዛኝ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ባትወጪ ይሻላል፤ ሊሄድ ነው መሰለኝ» ብላኝ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ደስታዋን በሆዷ ይዛ ቆይታ ለእኔ ሰጠችኝ።

አርብ አርብ ዕረፍት ስላላት በኢሞ እንደዋወላለን። ቪዲዮውን አገኘሁት ስላት መጀመሪያ ደነገጠች፤ የተቆጣኋት መሰላት። ኋላ ግን ሳቀችና፣ «እትዬ፣ እናት ሳታየውማ ልጅ ሄደ አይባልም» አለችኝ። ልጁ አኩርፎ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ነበር። ድምፅዋን ሲሰማ ቀስ ብሎ ወጣና ምንም ሳይናገር አዲሱን ጫማውን ወደ ስልኩ አስጠጋላት።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ በኋላ በቤታችን ሦስት ነገር ለውጠናል፤ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

አንደኛ፣ ልጁ በቀኑ ውስጥ የሚያገኛቸውን ሰዎች ሁሉ ከእሱ ጋር እናነሳለን፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀን። ሞግዚቷን፣ የግቢውን ጥበቃ፣ ቆሎ የምትሰጠውን ጎረቤት። ልጅ ሲያድግ የሚጠይቀው ስለ ኬኩ አይደለም፤ ስለ ሰው ነው። ሁልጊዜ ካሜራ የምትይዙትም እናቶች ሆናችሁ አባቶች ስልኩን አንዳንዴ ለሌላ ሰው ስጡ፤ አለዚያ እናንተም በልጃችሁ ፎቶ ውስጥ የላችሁም።

ሁለተኛ፣ በየወሩ አንድ ፎቶ መርጠን እናሳጥባለን። በዓመት 12 ፎቶ ማንንም አያደኸይም። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይወድቃል፤ የእናቴ የ1964 ፎቶ ግን ይኸው አለ። ጀርባው ላይ ቀኑንና የሁሉንም ስም በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ተጭኖ ፊቱን ያበላሸዋል፣ ቀለሙም አጠገቡ ወዳለው ፎቶ ይተላለፋል። አያቶች ደግሞ እባካችሁ የድሮዎቹን አልበሞች ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ስም አስጽፉባቸው። እናንተ ብቻ የምታውቋቸው ሰዎች አሉ።

ሦስተኛ፣ ስንብት። የሚሄድ ሰው ካለ ልጁ ነቅቶ ይሰናበተው፤ አብረው አንድ ፎቶ ይነሱ፤ አንዱ ቅጂ ለሚሄደው ይሰጥ። ታታ የእኛን ልጅ አንድም ፎቶ ሳትይዝ ነው የሄደችው። ስልኩ «የቤቱ» ነበራ።

አሁን በየአርቡ እኔ ነኝ ላኪዋ። ልጁ ምሳውን እንደጨረሰ አነሳውና እልክላታለሁ። ባለፈው አርብ የላክሁት ሽሮ እስከ ቅንድቡ የደረሰበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ።

«እትዬ፣ ሳህኑን አሳዪኝ።»

አዘንብዬ አነሳሁላት። ትንሽ ተርፎ ነበር፤ አልደበቅኋትም።

ሳምንት ያገናኘን።