«በቲቪ ያሸነፍኩትን ፑል ቤት ተበላሁ»

ለዛሬ ያሰብኩት ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ማክሰኞ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን «እኔ ልቅደም» አለኝ። ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ፑል ሲጫወት ከረመ። ጌሙ ውስጥ ያሉትን ተጫዋቾች አንድ በአንድ ዘረራቸውና «የሰፈር ልጆች ታዲያ ማን ናቸው?» ብሎ ወጣ። በሁለት ቅዳሜ 18 ሺህ ብር ተበላ! ብሩ የቀለበት ነው። እጮኛው እስካሁን አታውቅም። ጥያቄው አጭር ናት፦ «ልንገራት ወይስ አንድ ቅዳሜ ሞክሬ ላስመልስ?»

ወንድሜ፣ ልስቅብህ ብዬ ነበር፤ ግን አልቻልኩም። እኔም በ19 ዓመቴ እንዳንተው ሆኛለሁ። ልዩነታችን ኪሴ ውስጥ የነበረው የታክሲ ሂሳብ ብቻ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዋን ምት ስመታ እንጨቱ ጨርቁን ቀደደው፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት በዚያ በር አላለፍኩም።

የምትጫወተውን ጌም አውቀዋለሁ። ቨርቹዋል ፑል ይባላል። ሴለሪስ የሚባል ድርጅት ሠርቶት ኢንተርፕሌይ እ.ኤ.አ. በ1995 ለኮምፒዩተር አወጣው፤ በኋላ ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን መጣ፤ ሲዲው ፕሌይስቴሽን 2 ላይም ይሠራል። ሲሸጡት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ይህን ተጫውቶ የእውነት ፑል ችሎታው ላልተሻሻለ ሰው ብሩን እንመልሳለን! (የጌሙን ዋጋ ማለታቸው ነው፤ ያንተን 18 ሺህ አይደለም።) ባዶ ጉራ እንዳይመስላችሁ፣ እውነትም የሚያስተምረው ነገር አለ። ነጯ ኳስ ሳትሽከረከር ተንሸራታ ሌላዋን ከጎን ስትመታት ሁለቱ በ90 ዲግሪ ገደማ ተለያይተው ይሄዳሉ። ነጯን ዝቅ አድርገህ ከመታሃት ደግሞ ሌላዋን ነክታ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ቲቪውም ላይ ጠረጴዛውም ላይ ያው ነው። ዓይንህ ሠልጥኗል፤ ይህን አልክድህም።

እጅህስ? ጌሙ ኳሷ የምትሄድበትን መስመር አስምሮ ያሳይሃል። እንጨቱ ግን በግራ እጅህ ጣቶች መሃል ሲያልፍ የፀጉር ያህል ከተጣመመ፣ ኳሷ ማዶ እስክትደርስ ቀዳዳውን ስታዋለች። ደግሞ የሰፈራችን ጠረጴዛ አለላችሁ! የቲቪው ጠረጴዛ ቀጥ ያለ ነው። የሰፈሩ ላስቲክ በተወጠረበት ዳስ ሥር፣ አንዱ እግሩ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተደግፎ የቆመ ነው። ኳሷ ቀስ ስትል ወደ አንዱ ጥግ ታዘነብላለች። ወደ የትኛው? እዚያ የሚውለው ልጅ ያውቃል፤ አንተ አታውቅም።

ደብዳቤህ ላይ «መጀመሪያ ሦስቴ አሸንፌ ነበር» ብለሃል። በስንት? በ100፣ በ100 ብር። «እስቲ አሁን በ2 ሺህ እንያዝ» ያለው ማን ነው? ራሱ ተሸናፊው! ጎበዝ፣ እነዚያን ሦስት ጨዋታዎች ማን ያሸነፈ ይመስላችኋል? ቲቪው ውስጥ ያለው ተጫዋች ደካማ ከሆነ ደካማ ነው፤ ብር ሊያስይዝህ ብሎ አውቆ አይስትም።

«አንድ ቅዳሜ» የምትላትን ነገር እርሳት። ጌሙ ላይ ስትሸነፍ አንዲት ቁልፍ ትጫናለህ፤ ጥቁሯ ስምንት ቁጥር ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ ማንም ዕዳ አይጠይቅህም። ሦስት ወር ይህንኑ ለመድክ። አሁን የቀለበቱንም ብር እንደዚያው በአንድ ቁልፍ ልትመልሰው አምሮሃል። ከ18 ሺው ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የምታስይዘው የቀለበት ብር ስለሌለህ ትበደራለህ።

ለልጅቷ ንገራት፤ ዛሬ ማታ። «ለጓደኛ አበድሬው ነው» የሚል ተረት እንዳታመጣ! ፑል ቤት የነበሩት ሁሉ አይተውሃል፤ የአንዳቸው እህት ቀድማህ ትነግራታለች። ዙሪያውን አትዙር። መጀመሪያ ቁጥሩን ተናገር፣ ከዚያ እንዴት እንደሆነ፣ ከዚያ በየወሩ ከደመወዝህ ስንት እያስቀመጥክ እንደምትተካው በወረቀት ጽፈህ አሳያት። ወረቀቱን እሷው ጋ ተወው። ትቆጣለች፤ ትቆጣ። ምናልባትም «በቃኝ» ልትል ትችላለች፤ አትልም ብዬ አልዋሽህም።

«ሲዲውን ልሰባብረው ነው» ያልከውን ግን ተው። እዚያው ደብዳቤህ ላይ ከአጎቴ ልጅ የተዋስኩት ነው ብለሃል፤ መልስለት።