ጥላው ስንት ሰዓት ይላል?

ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ጥላው አሥር ደረጃ ወደ ኋላ የተመለሰበትን የአካዝን ስፍረ ሰዓት (2ኛ ነገሥት 20) የሰማ ልጅ «ምን ይመስል ነበር?» ማለቱ አይቀርም። የዕብራይስጡ ቃል «ደረጃዎች» ማለት በመሆኑ፣ ጥላ የሚወርድበት እውነተኛ ደረጃ ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እኛ ደረጃ ባንሠራም፣ አባትና እናት ከልጆች ጋር አንድ ቅዳሜ የፀሐይ ሰዓት መሥራት ይችላሉ። ችግሩ ምርጫው ላይ ነው።

በመጻሕፍት የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋው ዓይነት ነው። ዘንጉ ወደ ሰሜን አቅንቶ ከመሬት የሚነሣበት ማዕዘን ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ለለንደን 51 ዲግሪ ተኩል፣ ለዋሽንግተን 39፣ ለአዲስ አበባ 9 ብቻ! ስለዚህ ዘመድ ከአውሮፓ ያመጣላችሁ የነሐስ ጌጥ ቢያምርም እዚህ እውነቱን አይናገርም። በ9 ዲግሪ ደግሞ መስመሮቹ ይጣበቃሉ፤ ከ6 እስከ 7 ሰዓት 2 ዲግሪ ተኩል ያህል ሲሆን፣ ከ11 እስከ 12 ግን ወደ 60 ይደርሳል። የትኛው ልጅ ያነበዋል? በደቡብ ግድግዳ የሚሰቀለውም አይሆነንም፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የእኩለ ቀን ፀሐይ በስተሰሜን ናት።

የሚሻለን ሁለት ፊት ያለው ሰሌዳ ነው። ክብ ጣውላ መካከሉን ብሱና ቀጥ ያለ ዘንግ አሳልፉ። ዘንጉ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ቀና ይበል፤ ጣውላው ሊቆም ምንም ያህል አይቀረውም። መስመሮቹ በሙሉ በ15 ዲግሪ እኩል ይከፈላሉ። 6 ሰዓት ከታች ይሁን፤ የጠዋቱ 12 በሰሜኑ ፊት በስተቀኝ፣ በደቡቡ ፊት በስተግራ ይጻፍ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ የሰሜኑን ፊት፣ በቀሩት ወራት የደቡቡን ታነባላችሁ። (ፊት በሚለወጥባቸው ጥቂት ቀናት ጥላው አይለይም።)

የእጅ ሰዓታችን ከእኛ በስተምሥራቅ ያለውን የ45 ዲግሪ መስመር ስለሚከተል፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ በአማካይ 25 ደቂቃ ወደ ኋላ ትቀራለች። በጥቅምት መጨረሻ ልዩነቱ 9 ደቂቃ ያህል ነው፤ በየካቲት መጀመሪያ ወደ 39 ይደርሳል። ስለዚህ ባልና ሚስት «አጣመምከው፣ አጣመምሽው» ከመባባላችሁ በፊት ወሩን ተመልከቱ። ለእሁዱ አምልኮ ግን የእጅ ሰዓታችሁን እዩ!