ሳይለኩ መቀየር ጥገና አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል። መኪናው ጠዋት አልነሳም ይላል። ሲነሳም በማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን ይጠጣል። ጋራዥ ይገባና ካንዴላ ይቀየራል። ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ኢንጀክተር ይታጠባል። ቀጥሎ የነዳጅ ፓምፑ ይጠረጠራል። በመጨረሻም «ሞተሩ ደክሟል፣ ይውረድ» ይባላል። እስከዚያ ድረስ ቴስተር አውጥቶ አንድ ነገር የለካ ሰው የለም። ይህ ጥገና ሳይሆን በሰው ኪስ የሚካሄድ ግምት ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አውራ ጣት የምታክል የውሃ ሙቀት ሴንሰር ናት፤ ወይም ወደ እሷ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች። አሠራሯ ቀላል ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር 5 ቮልት ይልክላታል። ስትቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞዋ ይጨምራል፣ ስትሞቅ ይቀንሳል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ታሳያለች። ኮምፒውተሩ ሞተሩን ዳስሶ አያይም፤ የሚያውቀው ይህችን ቁጥር ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ነው ካለችው ነዳጅ ይጨምራል።

ሽቦው ጨርሶ ቢበጠስ እንኳ ነገሩ ቀላል ነበር። ኮምፒውተሩ ብልሽቱን ያውቃል፣ የቼክ ኢንጅን መብራት ያበራል፣ ሙቀቱንም በራሱ ገምቶ ይሠራል። አስቸጋሪው ስፒናው ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ሲገባ ነው። ያ ዝገት በሴንሰሯ ተቃውሞ ላይ የራሱን ይጨምርበታል፤ የሞቀው ሞተር ለኮምፒውተሩ ለብ ያለ ይመስለዋል። መብራት አይበራም፣ ኮድ አይመዘገብም፣ ነዳጁ ግን ይፈሳል። «ኮምፒውተር ላይ ታይቷል፣ ምንም የለውም» የሚባለው እንዲህ ያለው መኪና ነው።

ኮድ ሲገኝም ከችግር አይዳንም። ፒ0118 የሚለው ኮድ ሲተረጎም የሙቀት ሴንሰሩ ወረዳ «ከፍተኛ ግቤት» አለው ማለት ነው። ከፍተኛ የሚለውን ያነበበ ሰው ሞተሩ ግሏል ብሎ ራዲያተር ይፈታል። ከፍ ያለው ግን ቮልቴጁ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ደግሞ ለኮምፒውተሩ ሞተሩ በረዶ ሆኗል ማለት ነው፤ ትርጉሙ የሽቦ መቆረጥ እንጂ ግለት አይደለም። ማሽኑን መግዛት ሌላ፣ የሚለውን መረዳት ሌላ።

«ጌጁ ኖርማል ነው» የሚለው መከላከያም ውኃ አይቋጥርም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች ላይ ለጌጁ የሚሠራው ባለ አንድ ሽቦ ሌላ ዕቃ ነው፤ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ባለ ሁለት ሽቦው ነው። አንዱ እውነት ሲናገር ሌላው ሊዋሽ ይችላል።

ምርመራው ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ ያልቃል። መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ ሳይነሳ፣ ኮምፒውተሩ የሚያነበው የውሃ ሙቀት ከአየሩ ሙቀት ጋር መቀራረብ አለበት። ከዚያ ስፒናው ይነቀላል፤ ንባቡ ወደ 40 ከዜሮ በታች መውረድ አለበት። ሁለቱ የስፒና ጫፎች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ ደግሞ ንባቡ ከ100 በላይ ይዘላል። ሁለቱም ከሆነ ሽቦውና ኮምፒውተሩ ደህና ናቸው፣ ሴንሰሯ ትቀየር። ካልሆነ ሴንሰሯን መንካት አያስፈልግም፤ ሽቦው ይፈተሽ። ማሽን የማይቀበለው የቆየ ቶዮታ ላይ ደግሞ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ማገናኘት ይበቃል። መብራቱ ሁለቴ ብልጭ ብሎ፣ ቆም ብሎ፣ እንደገና ሁለቴ ብልጭ ካለ ኮዱ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ወረዳ።

ሌላው ልማድ ቴርሞስታት አውልቆ መጣል ነው። ሞተር ጋለ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚወገደው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ መጠርጠር የነበረበት ግፊት የማይዘው የራዲያተር ክዳን ነበር። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደንብ አይሞቅም። ሴንሰሯ ቀዝቃዛ ነው ስትል ያኔ እውነቷን ነው፤ እሷን ከሶማሌ ተራ በሌላ መቀየር መልእክተኛውን መቅጣት ነው።

መካኒኮቹ መልስ አላቸው፤ ከፊሉም ልክ ነው። ደንበኛው ለዕቃ ይከፍላል እንጂ ለምርመራ አይከፍልም። «ነካክተህ ብቻ ነው ይህን ያህል የምትጠይቀኝ?» ይላል። እንዲህ የሚል ሰው ግምትን ራሱ እየገዛ ነው። ጋራዦች ለመለካት የተለየ ዋጋ ይለጥፉ፤ ባለ መኪናውም ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ስንት ቮልት፣ ስንት ኦም ተገኘ ብሎ ይጠይቅ። ቁጥር የማይነግረው ጋራዥ ውስጥ ቁልፉን አይተው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብስጭት አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት አስወደደ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ይቆያሉ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚወራውን ያህል እነሱን ስለሚጠግነው እጅ አይወራም። የኤሌክትሪክ መኪናው ባትሪ ውስጥም ያቺው ዓይነት የሙቀት ሴንሰር አለች፤ ዙሪያዋን ያለው ግን 5 ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። የኮሮላን ሁለት ሽቦ ሳይለካ የሚገምት ጋራዥ ነገ እሱንም ልክፈተው ማለቱ አይቀርም።