የነዘረው ቱቦ

ዛሬ የምናነበው ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦና ሽቦው ስለሚያልፍበት የብረት ቱቦ ነው።

አንዲት እናት እህል ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት ሄዱ። ወረፋ ሲጠብቁ በግድግዳው ላይ የወረደውን የብረት ቱቦ በእጃቸው ተደገፉ።

«እንዴ! ነዘረኝ!» አሉ።

«አይዞዎት እናቴ፣ ትንሽ ይነዝራል እንጂ ምንም አያደርግም» አላቸው ባለወፍጮው።

«ነገ እኮ ልጄን ነው የምልካት፤ በባዶ እግሯ!» አሉት።

ባለወፍጮው ተሳስቷል። ዛሬ የነዘረ ቱቦ ነገ ሊገድል ይችላል። ለምን?

ቱቦው ለምን ተሠራ?

በወፍጮ ቤት፣ በጋራዥና በፋብሪካ ሽቦ ብዙ ጠላት አለው። አይጥ ይበላዋል። ዕቃ ይመታዋል። ስለዚህ በብረት ቱቦ ውስጥ ያሳልፉታል። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይህን ቱቦ «ኮንዲዩት» ይሉታል። በመኖሪያ ቤት ብዙውን ጊዜ የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ብረት ግን ያስተላልፋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ቃላቱን እንወቅ

ፌዝ፦ ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣው ሽቦ ነው። የሚነዝረው እሱ ነው።

ኒውትራል፦ ኤሌክትሪኩ ሥራውን ሠርቶ የሚመለስበት ሽቦ ነው።

የምድር ሽቦ፦ «ግራውንድ» ወይም «ኧርዝ» ይባላል። በደህና ቀን ሥራ የለውም። ብልሽት ሲመጣ ግን ኤሌክትሪኩን ከሰው አርቆ ይወስዳል። ብዙውን ጊዜ ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ነው።

ቮልት፦ የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ ነው። በአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው።

አምፔር፦ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። 3300 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 15 አምፔር ይስባል።

ብሬከር፦ ኤሌክትሪክ ከልክ ሲያልፍ በራሱ ወርዶ መስመሩን የሚያጠፋ ነው።

ወደ ወፍጮ ቤቱ እንመለስ

ቱቦ በመጋዝ ሲቆረጥ ጫፉ እንደ ምላጭ ይሆናል። በሞረድ መለስለስ አለበት። በዚህ ወፍጮ ቤት ግን ሠራተኛው ቸኮለ። ሳያለሰልስ ሽቦውን ጎትቶ አሳለፈ። የፌዙ ሽፋን ተላጠ። መዳቡ ብረቱን ነካ። ያን ጊዜ ቱቦው በሙሉ እንደ ፌዝ ሆነ።

እናትየዋ ጫማ አድርገው ደረቅ ወለል ላይ ቆመው ነበር። ስለዚህ ያለፈባቸው ጥቂት ነው። በባዶ እግር እርጥብ መሬት ላይ ለቆመ ልጅስ? ከ1 አምፔር አሥር አንድ እጁ እንኳ ሰው ይገድላል። የ16 አምፔር ብሬከር ይህን ያህል ሲያልፍ ዝም ይላል። እሱ የተሠራው ሽቦ ከመቃጠል እንዲያድን ነው።

ቱቦው ከምድር ሽቦ ጋር በደንብ ታስሮ ቢሆን ኖሮስ? መዳቡ ብረቱን እንደነካ ብዙ ኤሌክትሪክ በምድር ሽቦው በኩል ይሮጥ ነበር። ብሬከሩ ወዲያው ይወርዳል። ወፍጮው ይቆማል። ባለወፍጮው ይናደዳል። ሰው ግን ይተርፋል።

ምን እናድርግ?

1. ቱቦ፣ ሞተር ወይም ምጣድ ከነዘረ ዋናውን ማጥፊያ እናጥፋ። ባለሙያ እንጥራ።

2. የብረት ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያይዞ ከምድር ሽቦ ጋር መታሰሩን ሠራተኛውን እንጠይቅ። አንድ ቦታ ከተላቀቀ ከዚያ ወዲያ ያለው ቱቦ ጥበቃ የለውም።

3. የሽቦ ቅጥያ በቱቦ ውስጥ አይደበቅ። በመገናኛ ሳጥን ውስጥ ይሁን።

4. ብሬከር ቶሎ ቶሎ ቢወርድ በትልቅ አንለውጠው። ምክንያቱ ይፈለግ።

5. በ30 ሚሊ አምፔር መስመሩን የሚያጠፋ፣ ሰውን ለማዳን የተሠራ ልዩ ብሬከር አለ። አቅም ካለ ይገጠም።

6. ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝ በእጃችን አንንካው። አስቀድመን መስመሩን እናጥፋ።

ባለወፍጮው በመጨረሻ እናትየዋን ሰማ። ወፍጮውን አቁሞ ባለሙያ ጠራ። የተላጠው ሽቦ ተለወጠ። ቱቦውም ከምድር ሽቦ ጋር ታሰረ። ወረፋው ለግማሽ ቀን ቆመ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ጥያቄዎች

ሀ. ፌዝና ኒውትራል በምን ይለያያሉ?
ለ. የብረት ቱቦ ከምድር ሽቦ ጋር የሚታሰረው ለምንድን ነው?
ሐ. በአካባቢያችሁ የሚነዝር ዕቃ አለ? ለማን ነገራችሁ?