የምግብ ባንክና የእናቶች ድርሻ

ባንክ ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የገንዘብ ማስቀመጫው ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን ሽሮና ምስር፣ ዱቄትና ዘይት የሚቀመጥበትን ባንክ ነው። ያለው ያስገባል፤ የቸገረው ያወጣል፤ ወለድ አይታሰብበትም።

ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ አገር፣ በፊኒክስ ከተማ፣ ጆን ቫን ሄንግል በተባሉ በጎ አድራጊ ተጀመረ። ዓላማው ሳይበላሽ የሚጣለውን ምግብ ሰብስቦ ለተራበ ማድረስ ነበር። በእኛም አገር የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም. በገባ ጊዜ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የምግብ ባንኮችን አቋቁሞ ከነዋሪው የተሰበሰበውን እህል ሥራቸው ለተቋረጠባቸው ቤተሰቦች አከፋፍሏል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሊጤን ይገባል። ሽሮ የሚጠቅመው ምድጃና ድስት ላለው ሰው ነው። በላስቲክ ጥግ የምታድር እናት ሽሮውን በምን ታበስለዋለች? ለእንዲህ ያለችው እህት የሚያስፈልጋት የበሰለ ምግብ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን የተከፈቱት «ተስፋ ብርሃን» የምገባ ማዕከላት በቀን አንድ ጊዜ ያለ ክፍያ የሚያበሉት ለዚህ ነው። እንግዲህ እህሉ ለባለ ጎጆው፣ ገበታው ለጎዳና አዳሪው መሆኑን ለይተን ካወቅን ስጦታችን ከቦታው ይደርሳል።

ቦሌ ቡልቡላን እንመልከት። ትናንት የእርሻ ማሳ የነበረው መሬት ዛሬ በቪላና በኮንዶሚኒየም ተሞልቷል። በአንደኛው አጥር ግቢ የሠርግ ድንኳን ተተክሎ ወጥ ሲትረፈረፍ፣ ሕንፃውን የሚገነባው የቀን ሠራተኛ ሥራ ካላገኘ ጦሙን ያድራል። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም እንዲሉ፣ ችግሩ የምግብ ማነስ ብቻ ሳይሆን ያለመተያየትም ጭምር ነው።

ከሆቴል የተረፈው ምግብ «ቡሌ» እየተባለ ለጎዳና ልጆች እንደሚሸጥ የከተማ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሲዘዋወር የዋለ ወጥ ግን ረሃብን አስታግሦ በሽታን ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ድግስ ያላችሁ እናቶች ከተበላ በኋላ የተረፈውን ሳይሆን፣ ገና ሳይቀርብ ለችግረኛ የሚሆነውን በንጹሕ ዕቃ ለዩ። የበሰለ ምግብ ማቀዝቀዣ ሳይገባ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። በአያት አካባቢ በሚገኘው፣ አቶ ቢንያም በለጠ በመሠረቱት መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ልደታቸውን፣ ሠርጋቸውንና ተዝካራቸውን ከአረጋውያኑ ጋር የሚያሳልፉ ቤተሰቦች ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ድግስ የሌላችሁ ሠራተኛ እህቶችስ? የወር አስቤዛ ስትገዙ አንድ ኪሎ ምስር ወይም አንድ ሊትር ዘይት ጨምሩ። በየወሩ አንዳንድ ኪሎ የሚያዋጡ ሃያ ጎረቤቶች በዓመት 240 ኪሎ እህል ያስቀምጣሉ፤ በዕድር ወይም በዕቁብ የለመድነው ዘዴ ስለሆነ አዲስ ነገር አይደለም። በምትሰጡበት ጊዜ የሚከተሉትን አትዘንጉ፦

ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝና ፓስታ ሳይበላሹ ይቆያሉ፤ ክርስቲያኑ በጾም፣ ሙስሊሙም ያለ ሥጋት ይመገባቸዋል። በሥጋ የተሠራ ግን ከሁሉ ቤት አይገባም።

ነቀዝ የገባበትን ዱቄትና ጊዜው ያለፈበትን የታሸገ ምግብ አትስጡ። ለልጃችሁ የማታቀርቡትን ለሰው ልጅ አታቅርቡ።

ሕፃን ላላት እናት የገንፎ ዱቄት ለብቻው ይታሰብላት።

በመጨረሻም፣ ከሁሉ የሚከብደው ረሃብ የተደበቀው ነው። ልመና የማታውቅ፣ ልጆቿን ውኃ አጠጥታ የምታስተኛ እናት ከጎናችሁ ልትኖር ትችላለች። እርሷን በካሜራ ፊት ማሰለፍ እንጀራውን ያመርባታል። ከዕድሩ ዳኛ ወይም ከወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር በመመካከር እህሉ በምሽት፣ በዝምታ ከቤቷ እንዲደርስ አድርጉ። በነጋታው መንገድ ላይ ስታገኟት፣ እንደ ወትሮው ሰላም በሏት እንጂ ስለ እህሉ አታንሡባት።