አጥንት ጎድሎ ጅማት ቢሰፋ

ደጋግሞ ለሚወልቅ ትከሻ «በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ የተቀደደውን ጅማት መስፋት ለሁሉም ይበቃል» የሚለው ታትሞ የወጣ አስተያየት ዋናውን ነገር፣ አጥንቱን፣ ዘሎታል። ትከሻ በወለቀ ቁጥር የክንድ አጥንት ራስ የሚያርፍበት ጎድጓዳ የፊት ጠርዙ ሊሰበር ወይም ሊሸረሸር ይችላል። የአጥንት ቀዶ ሐኪሞቹ ቡርክሃርትና ደ ቢር በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ በዚሁ በትንሽ ቀዳዳ የተደረጉ 194 ጥገናዎች ጥናት፣ ጉልህ የአጥንት ጉድለት ከሌለባቸው ችግሩ የተመለሰባቸው 4 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ጉድለቱ ካለባቸው ግን 67 በመቶ ነበሩ። ክሩ ምንም ቢጠነክር የጠፋ ጠርዝ አይተካም።

ፈረንሳዊው ሚሼል ላታርዤ በ1954 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ ከትከሻ ፊት ያለውን የአጥንት ጉብታ ከነጅማቱ ቆርጦ በጎደለው ጠርዝ ላይ በብሎን ያስራል፤ አጥንቱ ጉድለቱን ሲሞላ፣ ጅማቱ ደግሞ ክንድ ሲነሳ ከፊት ደግፎ ይይዛል። «ቀዶ ሕክምናው ከባድ ነው፣ ጉዳትም አለው» ይባላል። እውነት ነው፤ ነርቭ ሊነካ፣ ብሎን ሊሰበር፣ አጥንቱም ሳይገጥም ሊቀር ይችላል (እጁ ያልለመደ ሐኪም ባይሞክረው ይሻላል)። ይህ ግን ጉድለቱ ትንሽ ለሆነ ታካሚ የሚያዋጣ ክርክር እንጂ የጎድጓዳውን ሩብ ላጣ ሰው አይሆንም። ጉድለታቸው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሆነውን በተመለከተ ባለሙያዎች ዛሬም አልተስማሙም። እርስዎም ለቀዶ ሕክምና ከመፈረምዎ በፊት በሲቲ ስካን የተለካው ጉድለት ስንት በመቶ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።